መነጽር ከመግዛት በፊት በር መክፈት



በካልጋሪ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወላጆች የልጆቻችን ዓይን ነገር በተነሳ ቁጥር ሁለት ነገር እንናገራለን። አንደኛው «ይህ ስልክ ልጆቹን ፈጃቸው» የሚል ምሬት ነው። ሁለተኛው «ሰማያዊውን ብርሃን የሚከለክለውን መነጽር ግዙላቸው» የሚል ምክር ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ምሬቱም ምክሩም በችግሩ አጠገብ ያልፋሉ እንጂ ችግሩን አይነኩትም። ስልኩን ለልጁ የሚሰጠው ሌላ ሰው ይመስል እንማረራለን፤ መነጽሩ ደግሞ የማይከላከለውን ይከላከላል ብለን ገንዘብ እንከፍላለን። ልጆቻችን ያጡት ሌላ ነገር ነው። ያጡት የቀን ብርሃንና ሩቅ የሚያዩበት ሜዳ ነው። ይህን ማንም ሱቅ አይሸጥልንም። በራችንን ከፍተን የምንሰጣቸው እኛው ነን።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት በተለምዶ የሚምታቱ ሁለት ጉዳቶችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ድካም ነው። ዓይን ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል፣ ራስ ያማል፣ ከስልኩ ቀና ሲሉ ነገሩ ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ይደበዝዛል። ብዙ ሰው ይህን ከስክሪኑ የሚወጣ መርዝ ያመጣው ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። በ1993 ሁለት የጃፓን ሐኪሞች በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት አጭር ጽሑፍ፣ ሰው ዘና ብሎ ሲቀመጥ በደቂቃ 22 ጊዜ ያህል ዓይኑን እንደሚያርገበግብ፣ መጽሐፍ ሲያነብ ወደ 10፣ ኮምፒውተር ላይ ሲያፈጥ ደግሞ ወደ 7 እንደሚወርድ አሳይተዋል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የዓይን ቆብ በተከደነ ቁጥር ዓይንን በእንባ ያርሳል። ሳናርገበግብ ስናፈጥ እንባው ይተናል፤ ዓይንም ይደርቃል።

በዚህ በኩል እኛ ታክሲ ነጂዎች ከማንም በላይ ተጎጂዎች ነን። የካልጋሪ አየር በተፈጥሮው ደረቅ ነው፤ በክረምት የቤቱም የመኪናውም ማሞቂያ ጭራሽ ያደርቀዋል። ኤርፖርት ተሰልፈን ተራ ስንጠብቅ ስልካችን ላይ አቀርቅረን፣ ማሞቂያውን ወደ ፊታችን አዙረን ሰዓቱን እንገፋለን። ከዚያ «ዓይኔ አሸዋ የገባበት ያህል ቆረቆረኝ» እንላለን። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ማሞቂያውን ወደ እግር ማዞር፣ ዓይንን ሆን ብሎ ማርገብገብ፣ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ከ6 ሜትር በላይ የሚርቅ ነገር ማየት። ሰማዩ በጠራ ቀን ወደ ምዕራብ ቀና ያለ ሰው የሮኪን ተራሮች ያያል፤ ለደከመ ዓይን ከዚያ የተሻለ ማረፊያ የለም። ከ40 ዓመት በኋላ የቅርብ ጽሑፍ እየራቀ መሄዱ ግን የስልክ ጥፋት አይደለም። የዓይን ሌንስ ከዕድሜ ጋር ስለሚደርቅ ነው፤ ስልክ ይዘው የማያውቁት አያቶቻችንም ደብዳቤውን ከፊታቸው አርቀው ነበር የሚያነቡት።

ስለ ሰማያዊው ብርሃን መነጽር አንድ ነገር ልበል። በአንድ የመነጽር ሱቅ ለልጄ መነጽር ላሠራ ገብቼ፣ «በስክሪን ዘመን ይህ ግዴታ ነው» ተብዬ ለዚህ ልባስ ተጨማሪ ክፍያ ተጠይቄያለሁ። ብዙዎቻችሁም እንደተጠየቃችሁ ከመኪናዬ የኋላ ወንበር ሰምቻለሁ። ታዲያ ምን ተገኘ? ኮክሬን የተባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ድርጅት በ2023 ባወጣው ግምገማ 17 ጥናቶችን አገላብጦ፣ እነዚህ መነጽሮች ስክሪን የሚያመጣውን የዓይን ድካም ከተራው መነጽር በተሻለ የሚያስታግሱ እንዳልሆነ ደምድሟል። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚም እንዲገዙ አይመክርም። ደግሞስ ከስልክ የሚወጣው ሰማያዊ ብርሃን ከፀሐይ ከሚመጣው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ስልክ ማታ እንቅልፍ ይነሳል ለሚለው ትክክለኛ ስጋት ደግሞ መልሱ ስልኩን ከመኝታ ክፍል ማውጣት ነው፤ ይህ ምንም አያስከፍልም።

ሁለተኛው ጉዳት ግን በእረፍት የሚያልፍ አይደለም። የሕፃን ዓይን ከአካሉ ጋር ያድጋል። ልኩን አልፎ ወደ ኋላ ከረዘመ፣ ብርሃኑ ረቲና በተባለው የኋላ ግድግዳ ላይ ማረፉ ቀርቶ ከፊቱ ይሰበሰባል። ቅርቡ ይታያል፤ ሩቁ ይደበዝዛል። ሐኪሞች ማዮፒያ ይሉታል። አንዴ የረዘመ ዓይን ተመልሶ አያጥርም። መነጽር ምስሉን ያስተካክላል እንጂ ዓይኑን ወደ ቀድሞ ልኩ አይመልሰውም። የመነጽሩ ቁጥር ከ6 ሲያልፍ ደግሞ ጉዳዩ የመስታወት ውፍረት ብቻ መሆኑ ይቀራል። ረቲና የመላቀቅ፣ በግላኮማ የመያዝ፣ ጎልማሳ ሲሆኑ እይታን እስከ ማጣት የመድረስ አደጋ ይጨምራል። ልጁ ባነሰ ዕድሜ በጀመረው ቁጥር ወደዚያ የመድረስ ዕድሉ ይሰፋል። የ6 ዓመት ልጅ መነጽርና የ16 ዓመት ልጅ መነጽር አንድ ያልሆነውም ስለዚህ ነው።

የዓለሙ ሁኔታ ምን ይመስላል ቢሉ፣ በ2010 በሴኡል ከተማ ለውትድርና የተመረመሩ የ19 ዓመት ወጣቶች 96.5 ከመቶ የሚሆኑት ይህ ችግር ነበረባቸው። በ2016 የታተመ ሰፊ ጥናት ደግሞ በ2050 ከዓለም ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው ሩቁን በመነጽር የሚያይ እንደሚሆን ተንብዮአል። ይህን ሁሉ ስክሪን ብቻ ያመጣው ነው ማለት ግን ስህተት ነው። መጽሐፍም ቢሆን በቅርብ ተይዞ ከጠዋት እስከ ማታ ሲነበብ ያው ነው። ስክሪን ከመጽሐፍ የሚከፋው የማይሰለች በመሆኑ ነው። መጽሐፍ የያዘ ልጅ ይሰለችና ተነስቶ ይወጣል። ታብሌት የያዘ ልጅ ግን አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይጀምርለታል፤ ክንዱን አጥፎ ከፊቱ አንድ ስንዝር ላይ ይዞት ቀኑ ይመሻል።

ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። በደጅ ያለው የቀን ብርሃን ረቲናን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር እንዲያመነጭ ያደርጋል፤ ይህም የዓይንን ከልክ በላይ መርዘም እንደሚገታ ይታመናል። በቤት ውስጥ መብራት በርቶ ያለን ብርሃን ጥቂት መቶ ሉክስ ነው። በደጅ ደመና ባለበት ቀን እንኳ በሺዎች ይቆጠራል፤ ፀሐይ በጠራበት ቀን ወደ 100 ሺህ ይደርሳል። ሳሎናችን ለእኛ ብሩህ ቢመስለንም ለልጅ ዓይን ዋሻ ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ ተሞክሯል። በቻይና ጓንግዦ ከተማ አንደኛ ክፍል የገቡ ልጆች ግማሾቹ በትምህርት ቤት በየቀኑ ተጨማሪ 40 ደቂቃ ደጅ እንዲውሉ ተደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2015 የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ ደጅ ከዋሉት መካከል ማዮፒያ የያዛቸው 30.4 ከመቶ ሲሆኑ ካልዋሉት 39.5 ከመቶ ነበሩ። ታይዋን በ2010 ተማሪዎች በቀን 120 ደቂቃ ደጅ እንዲቆዩ የሚያደርግ አገር አቀፍ ፕሮግራም ጀመረች፤ ለብዙ ዓመታት ሲያሻቅብ የነበረው እይታቸው የደከመ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁጥር በ2012 ከነበረበት 49.4 ከመቶ በ2015 ወደ 46.1 ወረደ። ተቃራኒውንም አይተናል። በ2020 ኮሮና ልጆችን ቤት ከዘጋባቸው በኋላ በቻይና ፌይቼንግ ከተማ የተመረመሩ የ6 ዓመት ልጆች 21.5 ከመቶ ማዮፒያ ታየባቸው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከፍተኛው 5.7 ነበር። በሩ ሲከፈት ይቀንሳል፤ በሩ ሲዘጋ ይጨምራል። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ እንጠብቃለን?

«ይህ የእስያውያን ችግር ነው፤ የእኛ ዓይን ጠንካራ ነው» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እኛ ዓይን በመጥፋቱ የምንታወቅ ሕዝብ መሆናችንን የረሳ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ከ2005 እስከ 2006 በአገራችን በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ግማሹን ያሳወረው የዓይን ሞራ ሲሆን ከመቶ 11.5ቱን ያሳወረው ትራኮማ ነበር። በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ገጠር ያደገ ሰው፣ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይናቸውን የሚፍቃቸውንና በወረንጦ የሚያስነቅሉትን እናቶች ያስታውሳል።

ታዲያ ትራኮማን ለመከላከል ምን ተደረገ? በአማራ ክልል ከ2001 ወዲህ የክልሉ ጤና ቢሮ ከካርተር ማዕከል ጋር የሠራው ሥራ በአራት ነገር የቆመ ነበር፤ የታጠፈውን ቆብ በቀዶ ሕክምና ማስተካከል፣ መድኃኒት ማደል፣ የልጆችን ፊት ማጠብና መጸዳጃ ቤት መቆፈር። ከአራቱ ሁለቱ በሐኪም እጅ ያሉ አይደሉም። ፊት የምታጥበው እናት ናት፤ ጉድጓዱን የሚቆፍረው አባት ነው። በሽታው ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም፤ ነገር ግን ውሃ ከሩቅ በጀርባዋ ተሸክማ የምታመጣ የገጠር እናት ከዚያች ውሃ ላይ ቀንሳ የልጇን ፊት ማጠብን ተምራለች። እኛ በቧንቧችን ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ የሚወርድልን፣ የተማርን የምንባል ሰዎች ግን ለልጃችን ዓይን የሚያስፈልገውን የአንድ ሰዓት ፀሐይ መስጠት አቃተን። ከማን አንሰን ነው?

ትምህርትና የቀን ብርሃን በእኛ ዘንድ ተለያይተው የሚኖሩ አልነበሩም። የቆሎ ተማሪው ዳዊቱን የሚደግመው ከዛፍ ሥር ነበር፤ የቁርዓን ልጆችም ሉሃቸውን ይዘው በግቢው ጥላ ይቀሩ ነበር። ተማሪው ቀና ሲል ማዶውን ተራራ ያያል። መማርን ከደጅ የለየው ዘመናዊው ክፍል ነው፤ ስክሪኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በአገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ስክሪን ወደ ክፍል ሲገባ ዓይቻለሁ። በ2004 በመላ አገሪቱ «ፕላዝማ» የተባለው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ከላይ ይወርዳል፤ መምህሩ አጠገቡ ይቆማል። ስለ ጥራቱ ብዙ ተብሏልና አልደግመውም። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ዓይኑን አጥብቦ የሚያፈጥን ልጅ መምህር ያየዋል፤ ጠርቶ ወደ ፊት ያስቀምጠዋል። ፕላዝማው ግን አያየውም፤ ዝም ብሎ ይቀጥላል። ስክሪን ያሳያል እንጂ አያይም። ዛሬ ከሳሎናችን ጥግ ታብሌት ታቅፎ የተቀመጠው ልጅም እንደዚያው ነው። ቴሌቪዥኑን ለማየት እየቀረበ ቢመጣ፣ ዓይኑን ቢያሸ፣ የመንገድ ምልክት ሲያነብ ዓይኑን ቢያጠብብ መሣሪያው አይነግረንም። ማየት ያለብን እኛ ነን፤ እኛ ደግሞ የየራሳችንን ስልክ እያየን ነው።

እውነቱን እንነጋገር። ስልክ በቤታችን መዝናኛ ከመሆኑ በፊት ሞግዚት ሆኗል። አባት ሌሊት ነድቶ ቀን ይተኛል፤ እናት በአረጋውያን መጦሪያ ድርብ ፈረቃ ትሠራለች። ልጁ ዝም እንዲል ይፈለጋል፤ ስልክ ደግሞ ዝም ያሰኛል። የሚያስቸግረው ደመወዝ የማትጠይቅ ሞግዚት ክፍያዋን ከልጁ ዓይን መውሰዷ ነው። ድካማችንን አልንቅም፤ እኔም በዚያው ኑሮ ውስጥ ነኝ። ነገር ግን ዝግጅት ባለበት ቀን ሁላችንም ሥራ ፈትተን በተሰበሰብንበት ሰዓትስ? በሰርግ፣ በክርስትና፣ በለቅሶ ቤት ልጆቻችንን ምድር ቤት አስገብተን ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ስልክ አድለን ቡናችንን የምንጠጣው በድካም ምክንያት ነው? ይህ ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ በልማድ ይሻራል።

ሦስት ማመካኛዎች ይቀርባሉ። የመጀመሪያው ብርዱ ነው። በታኅሣሥ የካልጋሪ ቀን ስምንት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ብርዱም ብርድ ነው። ነገር ግን የከተማዪቱ ትምህርት ቤቶች ራሳቸው ብርዱ እስኪከፋ ድረስ ልጆቹን ለእረፍት ያወጣሉ፤ ቺኑክ ነፋስ በነፈሰ ቀንም ክረምቱ ይለዝባል። ካልጋሪ ከካናዳ ትልልቅ ከተሞች ሁሉ ብዙ ፀሐይ የምታገኝ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለች ከተማ እየኖሩ ልጅን ብርሃን ማስራብ፣ የአባይን እናት ውሃ ጠማት እንደተባለው ነው። ሁለተኛው ማመካኛ «እዚህ አገር ልጅ ብቻውን አይለቀቅም» የሚል ነው። ትክክል ነው፤ መልሱም በጋራ መልቀቅ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ሦስተኛው «የቤት ሥራው ራሱ በኮምፒውተር ነው» የሚለው ነው። ይሁን፤ የቤት ሥራውን ይሥራ። የአልበርታ መንግሥት ከመስከረም 2024 ጀምሮ የግል ስልክ በክፍል ውስጥ እንዳይነካ ከልክሏል፤ ትምህርት ቤቱ ድርሻውን ጀምሯል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ባወጣው መመሪያ ገና ዓመት ላልሞላቸውና ለአንድ ዓመት ልጆች ስክሪን እንዳይሰጥ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል። የቀረው የእኛ የቤት ድርሻ ነው።

ምርመራን በተመለከተ ከዚህ የባሰ ነገር እሰማለሁ። «መነጽር ከለመደ ዓይኑ ይሰንፋል» ይላሉ። «ለሴት ልጅ መነጽር አያምርም» ይላሉ። ሁለቱም መሠረት የላቸውም። ሩቁ የሚደበዝዝበትን ልጅ መነጽር መንፈግ ዓይኑን አያጠነክረውም፤ ሰሌዳው የማይታየው ተማሪ ግን ሰነፍ ተብሎ ይቀራል። በአልበርታ ከ19 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሙሉ የዓይን ምርመራ በጤና ካርዱ በነፃ ያገኛል። በመዋዕለ ሕፃናት ላሉት ደግሞ «አይ ሲ አይ ለርን» በተባለው ፕሮግራም መነጽር ከታዘዘላቸው አንድ መነጽር በነፃ ይሰጣቸዋል። በትምህርት ቤት የሚደረገው «ይህን ፊደል አንብብ» ይህን ምርመራ አይተካም። ማዮፒያው የጀመረው ልጅም ቢሆን ተስፋ አይቆረጥበትም፤ ፍጥነቱን የሚቀንሱ ልዩ ሌንሶችና አነስተኛ መጠን ያለው የአትሮፒን ጠብታ አሉ፤ መርማሪውን መጠየቅ ነው። ለማይረባው ልባስ የምንከፍለውን ገንዘብ እዚህ ላይ ብናውለው ይጠቅማል።

አሁን ወደ ጋራው ጉዳይ ልምጣ። የማኅበራችን መሪዎች፣ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት አስተባባሪዎች፣ የየእምነት ቤቱ የሕፃናት ክፍል ኃላፊዎች ይህን ያድምጡ። አምስት ቀን ክፍል ውስጥ የዋለን ልጅ በስድስተኛው ቀን መስኮት በሌለው ምድር ቤት አስገብቶ ፊደል በፕሮጀክተር ማሳየት ፊደል ማስተማር ነው ወይ? ሀ ሁን በደጅ መማር ይቻላል፤ ከእኛ በፊት የነበሩት ሁሉ እንደዚያ ነበር የተማሩት። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከቅዳሜው ትምህርት ቢያንስ አንዱ ሰዓት ደጅ ይሁን፤ በሰሜን ምሥራቅ ላሉት ፕሬይሪ ዊንድስ ፓርክ፣ በፎረስት ሎን አካባቢ ላሉት ኤሊስተን ፓርክ አለ። ሁለተኛ፣ ወላጆች ተራ እንግባ። ዕቁብና ዕድር ያቋቋመ ሕዝብ በየሰፈሩ አምስት አምስት ወላጅ ሆኖ፣ በሳምንት አንድ ቀን አንዱ የሁሉንም ልጅ ይዞ እንዲወጣ ማድረግ አያቅተውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሦስተኛ፣ በማኅበሩ ዝግጅት ላይ የልጆች ጥግ ሲዘጋጅ ስልክ አይታደልበት፤ ኳስና ገመድ ይኑርበት።

ይህን ለማድረግ ከመንግሥት ፈቃድ፣ ከባንክ ብድር፣ ከሐኪም ማዘዣ አንጠብቅም። የልጅ ዓይን እንደ ሽማግሌ ዓይን አይጠብቅም፤ በየዓመቱ እያደገ ነው፤ ከረዘመ አይመለስም። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ? በመጪው ቅዳሜ ፀሐይ ትወጣለች፤ ልጆቻችን የት ሆነው እንደሚያዩዋት የምንወስነው እኛ ነን።

ቸር ያሰንብተን።